የዘገየ አዋጅ

ለባላባቱ ሁሉ የጋሻ ሥዕል ሲያድል የኖረው የአርማ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ አዋጅ ነጋሪ ዛሬም በአውቶቡስ መጣ። አንበሶች የተጠለፉበትን ካባ በላውንደሪ ላስቲክ ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ድሮ ይህን ካባ የለበሰን ሰው መምታት ንጉሡን እንደ መዳፈር ይቆጠር ነበር። ዛሬ ግን ካባው ላስቲክ ውስጥ ስለነበረ ተሳፋሪው በክርኑ ሲደቁሰው አረፈደ።

በኤድንብራ አደባባይ ሾርባ የምትሸጠው ኢሽቤል ትኩስ ኩባያ አቀበለችው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊነግሩን ነው?»

«ፓርላማው ተበትኗል።»

«እኛ እኮ በቴሌቪዥን ከሰማን ሰነበትን።»

«ሰምታችሁ ይሆናል እንጂ አልተነገራችሁም» አለ ኮስተር ብሎ። ድሮ ወሬ ከለንደን በፈረስ እስኪደርስ ይፈጅ በነበረው ጊዜ ልክ፣ ዛሬም ቀናት ቆይቶ ነው ከአደባባዩ የድንጋይ ሰገነት ላይ የሚታወጀው።

ኢሽቤል ሸሚዙን አየችው። ሁልጊዜ ተተኩሶ ቀጥ የሚለው አንገትጌ ተጨማዷል፤ ቁልፍ የጎደለው እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሚስቱ ማረፏን ሰፈሩ ከሰማ ከርሟል። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ደህና ናት» ይላል። ሐዘኑን ብቻውን ተሸክሞት እንዳይቀር ሰጋችለት።

«ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው?» አለችው ቀስ ብላ።

ኩባያውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሰገነቱ ላይ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ባለቤቴ አርፋለች።»

ኢሽቤል ጭልፋዋን አስቀመጠች፤ ገና አሁን እንደ ሰማ ሰውም ደነገጠችለት።

«እግዜር ያጽናዎት» አለችው።