የሻንታ ድንኳን

ከአጥራችን ማዶ ያለውን ቤት በቅርቡ ለሁለት ሕንዶች አከራዩት። እዚሁ ቃሊቲ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ማታ ከሥራ ሲገቡ ዘይት ያግሉና ሰናፍጭ ይበትኑበታል። ፍሬው ጠስ ጠስ ሲል እኔ ከተቀመጥኩበት በረንዳ ድረስ ይሰማል። ሽታውም አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ልጄ ቤቱን እንዳይዘው ብላ መስኮት ትዘጋለች፤ እኔ ደግሞ ተይው ይግባ እላታለሁ። ያ ሽታ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ሰርቢስ ቤት በየማታው ይወጣ ነበር። የሞሃን ሽታ ነው።

ያኔ አቃቂ ለብቻዋ ከተማ ነበረች። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ተሰነባብቶ ነበር የሚሄደው። አባቴ በጨርቁ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ይሠራ ነበር፤ ሲገባ ቅንድቡ በጥጥ ብናኝ ነጥቶ ሽማግሌ ይመስለናል፤ ሲታጠብ ደግሞ ተመልሶ አባታችን ይሆናል። አንድ ቀን ከኋላው ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን በዘይት ያስተኛ ሰውዬ አስከትሎ መጣ። አዲሱ ፎርማን ነው አለን። የፋብሪካው ቤቶች ቤተሰብ ላላቸው ነጮችና ሕንዶች ተሰጥተው ስላለቁ፣ ብቻውን የመጣው ሞሃን እኛ ሰርቢስ ውስጥ ሊከራይ ነው። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ቡታጋዝ፣ አንዲት የነሐስ ድስትና የእናቱን ፎቶግራፍ ይዞ ገባ።

ሰውዬው ያገሩን ሥርዓት ሳይሆን የኛን ለመጠበቅ የመጣ ይመስል ነበር። ገና በመጣ ሰሞን የሰፈራችንን ቄስ በር ላይ አግኝቷቸው «አንተ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ሰላም አላቸው። አባቴ ማታ ጠርቶ፣ ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል ብሎ መከረው። ሞሃን ትልቁን ከትንሹ መለየት ያስቸግረኛል አለና ከማግሥቱ ጀምሮ ለሁሉም አንቱ ሆነ። እኔን «አንቱ ልጅ፣ ይምጡ» ይለኝ ነበር። ውሻችን ክፍሉ ስትገባበት በአክብሮት እጁን ዘርግቶ «እባክዎ ይውጡ» ሲላት እናቴ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። በኋላ አማርኛውን አሳምሮ ሲያውቀው እንኳ እኔን ከአንቱታ አላወረደኝም። በዚያ ሰፈር አንቱ የተባልኩ የመጀመሪያው ባለ ቁምጣ እኔ ነኝ።

ሥጋ አይበላም። ዶሮ አይበላም። እንቁላል እንኳ አይነካም። እናቴ ይሄ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው፣ ከቄሱም ይበልጣል እያለች ለጎረቤት ታወራለች። በአንድ ረቡዕ ግን ሻዩ ላይ ወተት ሲያፈስ አየችውና ክው አለች። ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ ሻዩን ጥቁሩን ጠጣ። ማንም አላዘዘውም።

መጀመሪያ ለቅሶ የደረሰ ለታ ከአንገት እስከ እግሩ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ሰው ሰርግ መሰለው እንዴ ብሎ ተንሾካሾከ። ለካ በእነሱ አገር የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። አባቴ እኛ ዘንድ ጥቁር ነው ቢለው፣ በሳምንቱ ከሳሪስ ገበያ እጅጌው ያጠረበት ጥቁር ኮት ገዝቶ መጣ። ቀጥሎም እድር ልግባ አለ።

አባቴ የእድሩ ዳኛ ስለነበረ ነገሩን ለአባላቱ አቀረበው። አንዳንዱ ሃይማኖቱ ምንድን ነው፣ ሲሞት የት ልንቀብረው ነው ብሎ አንገራገረ። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው፣ የስልጤው ሰው ጋሽ ከድር ናቸው የፈረዱት።

«የኔ መቃብር ሌላ፣ የናንተ ሌላ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው፤ ይግባ» አሉ።

ገባ። እንደሱ ያለ እድርተኛ በሰፈሩ አልነበረም። ጥሩምባ ሲነፋ ኮቱን እየለበሰ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የድንኳኑ የመሐል ምሰሶ ከባድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር፤ ሞሃን ቁመቱ ስለረዘመ ምሰሶው የእሱ ሆነ። ትከሻው ላይ አድርጎ ያመጣዋል፣ ወንዶቹ ሸራውን ወጥረው ገመዱን እስኪያስሩ ድረስ ቀጥ አድርጎ ይዞ ይቆማል። ከዚያ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ሐዘንተኛውን ለማጫወት መሸነፍ ደግ እንደሆነ ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር።

ከእነዚያ የካርታ ቀናት ባንዱ ስለ እናቱ አነሣ። እኔ ከአባቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ሞቶ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው አንድያ ልጅ ነው። በሽተኛ ናት፤ ፋብሪካው ፈቃድ ሲሰጠው ሄዶ ሊያያት ያስባል። «እኛ አገር» አለ፣ «ወንድ ልጅ የሚወለደው እናቱ ስትሞት እሳት እንዲለኩስላት ነው።»

አባቴ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ «እኛም እኮ ጧፍ እናበራለን» አለው።

ሞሃን አንገቱን ነቀነቀ። ሁለቱም የተግባቡ መሰላቸው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የፋብሪካው ስልክ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ እየሮጠ ወደ አባቴ ማሽን መጣ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሕንድ ነጋዴ ደውሎ ነበር። መስመሩ ይንጫጫል፤ ጋሽ ታደሰ አጥርቶ የሰማው፣ የሞሃን እናት ማረፏንና ሞሃን ዛሬውኑ ወደ ነጋዴው ይምጣ መባሉን ነው። ሞሃን ከእነሱ ጥቂት ማሽን አልፎ ቆሞ ለአንድ ልጅ የተበጠሰ ክር ሲያስቀጥል ይታያቸዋል። ማሽን ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው እናትህ ሞተች ይባላል እንዴ? ሳይነግሩት ወደየሥራቸው ተመለሱ።

ከሥራ መልስ ጋሽ ታደሰ፣ ጋሽ ከድርና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ሲመካከሩ የነበረው ስለ ሞሃን ክብር ነው። መርዶ ሰው በባዶ ሆዱ አይነገረውም። ብቻውንም አይነገረውም። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ወዳጅ ዘመድ በዙሪያው ቆሞ ነው። ዘመዱ ባሕር ማዶ ነው፤ እንግዲህ ዘመዱ እኛ ነን። ይምጣ ስለተባለው ነገር ጋሽ ታደሰ ሲያነሣ አንደኛው ሽማግሌ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ያልቅስ ብለው ነው፣ ነገ ከዚህ አልቅሶ ይሄዳል አሉ። አባቴም ተስማማ። «የሞተችው ትናንት ከሆነ ዛሬ አፈር ለብሳለች» አለ። «ከእንግዲህ ምን ያስቸኩለዋል?» እኛ ሟችን ከዕለቱ አናሳድርም፤ ሌላ አገር ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ከመሐላቸው አንድም አልነበረም። ክፋት አልነበረበትም። ያ ነው የሚያንገበግበው።

እናቴ ሞሃን የሚወደውን ምስር ሠርታ ለእራት ጠራችው። ነገ ምግብ እንደማይወርድለት ታውቃለች። «ዛሬ ምን በዓል ነው፣ እትዬ?» አላት እየሳቀ። ጎኑ ተቀምጬ አልበላም ስል «አንቱም ይብሉ እንጂ» ብሎ አጎረሰኝ። እናቴ ጭስ ነው ብላ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። እሱ ምስሩን በደስታ ይጠቀልላል። በዚያች ሰዓት ወደ አገሩ የሚወስደው አውሮፕላን ሊነሣ ተሰናድቶ ነበር። ነጋዴው ትኬት ቆርጦለት፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። እኛ ይህን ያወቅነው በማግሥቱ ነው።

ጎህ ሳይቀድ እድርተኞቹ ጥሩምባ ሳያስነፉ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ገቡ። ሐሳባቸው ድንኳኑን በጸጥታ ተክለው፣ ከዚያ በሩን አንኳኩተው ሊነግሩት ነው። የረሱት አንድ ነገር ቢኖር ሞሃን በየቀኑ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥቶ በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚታጠብ ነው። ከቧንቧው ሥር ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። ሰዎቹ ሸራና እንጨት ይዘው ባሉበት ቆሙ። እሱም አያቸው። የሰፈር ሰው ሞቷል፣ እኔ ሳልሰማ ቀርቻለሁ ብሎ ደነገጠ። ተመልሶ ሮጠ፤ ጥቁሩን ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ መጣ። ይቅርታ እየጠየቀ በሰው መሐል አልፎ የመሐሉን ምሰሶ ከሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ተቀበለ።

ማንም አስቀምጠው ሊለው አልቻለም። ምሰሶውን አቆመው፤ ሸራው ተወጠረ፣ ገመዱ ታሰረ። «ማን ነው የሞተው?» ይላል፣ ባንዱ ፊት ያጣውን መልስ በሌላው ይፈልጋል። ጋሽ ከድር ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ከኩሽናው በር ላይ ሆኜ ሳይ፣ እንጨቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ድምፁ እያነሰ ሄደ።

አባቴ ተጠጋውና እጁን ከእንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ አላቀቀው። «ሞሃን፣ ልጄ፣ ያንተ ነው። እናትህ አርፋለች።»

ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ግን ያለቀሰው ወዲያው አይደለም። መቼ እንደተሰማ ጠየቀ። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሲሉት በጣቱ ሰዓታትን እየቆጠረ ቆየ፤ ወደ ቦምቤይ የሚሄደውን አውሮፕላን ቀንና ሰዓት ያውቅ ነበር። «ማታ ነበረ» አለ። «እስክደርስ ሬሳውን በበረዶ ይይዙልኝ ነበር። የሚቀጥለው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ አይቆይም።»

«ተቀብራለች ብለን እኮ ነው» አለ አባቴ።

«እኛ ዘንድ አፈር የለም፣ ጋሼ። እሳት ነው።» ከዚያ የአባቴን ፊት አየና፣ ያዘነው ለአባቴ ይመስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ይለኩስላት?» አለ።

አባቴ በእድሩ የስንቱን ጠብ የዳኘ ሰው ነው። የዚያን ለታ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው እንኳ አጣ።

እናቴ ናት ጎንበስ ብላ ስሟን የጠየቀችው። ስሟ ያልታወቀ አትለቀስም። ሻንታ አላት። ከዚያ የአቃቂ ሴቶች በአንድ ድምፅ ዋይ ሻንታ አሉ፣ ደረታቸውን መቱ፣ አልቃሿም ወዲያው ሙሾ አወጣችላት፤

ልጅሽን ሳታዪው ባሕር ማዶ ቀርተሽ፣
ሻንታ የኛ እመቤት አቃቂ ተለቀስሽ።

ሞሃን ያን ጊዜ ነው የፈረሰው። አባቴ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሊቆጣ ቢፈልግ በማን ላይ ይቆጣል? ሁሉም ለእሱ እያለቀሰ ነው።

ረፋድ ላይ ነጋዴው በመኪና መጣ። በቋንቋቸው ጮኸበት፤ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ አውሮፕላኑን ያሳየዋል። ሞሃን ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ሴቶቹ፣ እንጀራ ተሸክመው ወደሚገቡት ጎረቤቶች በእጁ አመለከተው። ነጋዴው ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ። ሞሃን የእድሩን ሥርዓት ሳያጓድል እስከ ሣልስት በድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ካርታ ሲያጫውቱት ሁሉም ተሸነፉለት።

ድንኳኑ የተነሣ ለታ ጠዋት፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከአባቴ ጋር ወደ አቃቂ ወንዝ ወረደ። እኔን አልወሰዱኝም። ሲመለሱ የአባቴ ኮት ጭስ ጭስ ይሸታል። እናቴ ምን አደረጋችሁ ብትለው ባጭሩ ነገራት። ውኃው ዳር ደረቅ እንጨት ደርድረው ሞሃን ለኩሶት፣ አመዱ እስኪቀዘቅዝ ቆመው፣ ለወንዙ ሰጥተው መጡ። አባቴ ጫማውን እያወለቀ «ጧፍ አይደለም ለካ» አለ። ስለዚያ ነገር ከእሱ አፍ ሌላ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሞሃን የሥራ ውሉ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ኖረ። ጥሩምባ ሲነፋ ይወጣ ነበር፤ ምሰሶውንም ይሸከም ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቁሩን ኮት ለአባቴ ትቶለት ሄደ። እዚያ አይለበስም አለው። አባቴ ግን በምስማር ላይ ሰቅሎት ቀረ፤ አንድም ቀን ለብሶት አላየሁም።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ስም ስታስጠራ የእናት የአባቷን ካለች በኋላ ሻንታ ትላለች። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቋት «እሱን እግዜር ያውቀዋል፣ እርስዎ ብቻ ይጥሩልኝ» ትላቸው ነበር። ይጠሩላት አይጠሩላት እንጃ።

እናቴም አባቴም ካረፉ ቆዩ። ኮቱን ብል በልቶታል። አሁን ማታ ማታ ሰናፍጩ አጥር ማዶ ጠስ ጠስ ሲል የሙታኖቼን ስም እየጠራሁ እጸልያለሁ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ጋሽ ከድርን እልና መጨረሻ ላይ ሻንታ እላለሁ። ቦምቤይ ላይ ማን እንደለኮሰላት ግን ሞሃን ነግሮን አያውቅም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅነውም።