በቁራጭ ቱቦ የተሰማ ድምፅ

ሰፈሩ «ጆሮው» ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ውኃ የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ግን ግድግዳ አያፈርስም። የካቻቢቴውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ «እዚህ ጋ» ይላል። ሲቆፈር እዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ማለት ነው፤ የሳተ ቀን ሰዎቹ ሲስቁበት እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በረንዳው ላይ ባልዲና የተቆራረጠ ቱቦ፣ ውስጥ ደግሞ የሚስቱ የስፌት መኪና አለ። ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት አንድ ፀንሳ ሳይወለድ ቀርቶባቸዋል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ብዙ አስረዳቸው፤ ልጁን ማኅፀን ውስጥ የሚመግበው የእንግዴ ልጅ በደንብ እንዳልያዘ፣ ልቡም በደንብ ሳይሠራ እንደቀረ ነገራቸው። ጆሮው ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው «ልብ» የምትለዋን ብቻ ነው። አባቱም የሞቱት በልብ ነው። እንግዲህ ከእኔ ዘር ነው የመጣው ብሎ በሆዱ ያዘው፤ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጋደም ብላ ሳለ ካቻቢቴውን እየጠረገ ገባ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ትንሽ ላዳምጥ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የሚያፈስ ቧንቧ ነኝ? በዚያ ሹል ነገር ሆዴን ልትነካ?»

አፍሮ ወጣ። ከፕላስቲክ ቱቦ ስንዝር ያህል ቆረጠ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰው፣ በሳሙና አጥቦ ተመለሰ። እሷም ሳቋን እያፈነች ሆዷን ሰጠችው። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ጎኗ ላይ አገኘው። ሽው... ሽው... በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ይመስላል። ግን ቀርፋፋ ነው። የጽንስ ልብ እንደሚጋልብ ፈረስ ነው ሲሉ ሰምቷል፤ ይሄ የሽማግሌ እርምጃ ነው።

«ምን ሰማህ?»

«ደህና ነው» አለ። ፊቱን ግን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልያዝለት አለ። የአንዱን ቤት ውኃ ዘጋሁ ብሎ የጎረቤቱን ዘጋ፤ አንዲት ሴትዮ ፀጉሯ በሳሙና እንደተለቃለቀ ወጥታ ስታባርረው ዋለች። በሚስቱ የክትትል ቀን «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። ሄዶ ስለማያውቅ ሚስቱ ግንባሩን ዳሰሰችው፣ ትኩሳት አለው ብላ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ወፍራም፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። ጆሮው ቱቦውን ከቦርሳው አወጣ። በጨርቅ ጠቅልሎታል።

«ሲስተር፣ ይቅርታ... በዚህ ሰምቼ ነው። ልቡ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው።»

ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። ቱቦውን ተቀብላ እሱ ያሳያት ቦታ ላይ አዳመጠች።

«ና፣ አሁን አንተ ስማ። በዚህኛው እጅህ የሚስትህን የእጅ አንጓ ያዝ።»

ያዘ። በጆሮው የሚሰማው ድምፅና በጣቱ የሚሰማው ትርታ እኩል ይሄዳሉ።

«የሰማኸው የልጁን ልብ አይደለም፣ ወንድሜ። የእናትየው ደም ወደ እንግዴ ልጁ ሲገባ ነው። መስመሩን ነው ያገኘኸው።»

«ልቡስ?»

«ልቡና የእንግዴ ልጁ አብረው ነው የሚያድጉት። የልጁ ልብ ደሙን ወደዚያ ይገፋል፣ ደሙም ምግቡን ይዞ ይመለሳል። እዚያ ያለው መንገድ ከጠበበ ልቡ ሲገፋ ሲገፋ ይጎዳል፣ አሠራሩም ሊበላሽ ይችላል። የባለፈው እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።»

ጆሮው ራሱ የውኃ ሞተር ደከመ ተብሎ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያየው ቱቦውን ነው። ሳያዩ ሞተር የሚቀይሩትን ስንቴ ተቆጥቷል።

«ከአባቴ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በልብ ነው የሞቱት።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሰማንያ አልፏቸው ነበር።»

«እንግዲያ ምን ቀራቸው? ተዋቸው ይረፉበት።»

ሚስቱ ቀና አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ በሆድህ ይዘህ ነው የኖርከው? እኔ እኮ ነፍሰ ጡሯ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

አዋላጇ የጽንስ ልብ ምት የምታሰማውን ትንሽ መሣሪያ ሚስቱ ሆድ ላይ አደረገች። ክፍሉ በግልቢያ ተሞላ። ጆሮው ቱቦውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። «የእንግዴ ልጁም ደህና የያዘ ይመስላል፤ ደም ግፊቷን ብቻ እየመጣችሁ እንለካለን» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ጆሮው ከአንድም ክትትል አልቀረም።

ሴት ልጅ ወለዱ። ጆሮው ሲገባ ሕፃኗን ያቅፋል ሲባል የእንግዴ ልጁን ልየው አለ።

«ሰው ልጁን ሊያይ ይመጣል፣ አንተ ደግሞ» አለች አዋላጇ፣ ግን በሳህን አመጣችለት። ደም ሥሮቹ ከእትብቱ ተነስተው እንደ ቅርንጫፍ ተበትነዋል። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። «ጥሩ ተሠርቷል» አለ፣ የሌላ ባለሙያ ሥራ ሲያደንቅ በሚናገርበት ድምፅ። ከዚያ ልጅቱን ተቀብሎ ጆሮውን ያለ ምንም ቱቦ ደረቷ ላይ አሳረፈ።

ቁራጯ ቱቦ ዛሬ የስፌት መኪናው ላይ ናት። ሚስቱ ክር ትጠመጥምባታለች።