መርፌ ጾም አይሽርም

ችኩል ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም አዋላጇን አልጠበቀችም» እያለች ትስቅብኛለች። ሰነፍ ብሆን ይሻለኝ ነበር። ሰነፍ ሰው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የነርሲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሆስፒታል እለማመድ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ከሁለት የክፍሌ ልጆች ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል፣ ጋቢ ደራርበን፣ ለሙያ ፈቃድ ፈተናው እናጠናለን። ከቴሌግራም ያወረድናቸውን ጥያቄዎች በየምዕራፉ ተከፋፍለን በተራ እናስረዳለን። በዚያ የሐምሌ መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ነበር፤ ምዕራፉም የታካሚን እንክብካቤ ማስተባበር። ታካሚው ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ መሃል ላይ የሚረሳ ነገር እንዳይኖር ማድረግ ማለት ነው። ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አንድ ቄስ እንድሸኝ አዘዘችኝ። ከደረስጌ ወዲያ ካለ አጥቢያ የመጡ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ስኳር ተገኝቶባቸው ሁለት ሳምንት ተኝተዋል፤ ኢንሱሊን መውጋትም ተምረዋል። እጃቸው ንቅንቅ አይልም። «ይኸማ ብዕር ከመቅረጽ ይቀላል» ብለው አስቀውናል።

ሥራዬ ግልጽ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ አኗኗራቸውን መጠየቅ፣ ከመርፌው በኋላ ሳይቆዩ መብላት እንዳለባቸው ማስረዳት፣ ከዚያም ለቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውዬ እንድትከታተላቸው ማድረግ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ቆሜ መጠኑን ነገርኳቸው፣ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቀመጥ ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፍልሰታ ደርሷል። ይኸ መርፌ ጾም ይሽራል?»

«አይሽርም፣ አባ። በአፍ አይገባ።»

ፊታቸው በራ። እኔም በመልሴ ኮራሁ። ሰዓቴን ሳይ አይተውኝ «ምን ያስቸኩልሻል?» አሉ። ፈተና እንዳለብኝ፣ ጓደኞቼም ለጥናት እየጠበቁኝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ሂጂ። በቅዳሴ አስብሻለሁ።»

ለኤክስቴንሽኗ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። አልደገምኩም። ቅጹ ላይ «ስለ መርፌና ስለ ምግብ ሰዓት ተነግሯቸዋል» በሚለው ትይዩ የራይት ምልክት አደረግኩ፤ «ለጤና ኬላ ተደውሏል» በሚለውም ላይ። መደወሉንስ ደውያለሁ። ፈርሜ ወጣሁ።

በፍልሰታ ቅዳሴ ገብቶ እስኪወጣ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን፣ ቀዳሹም እስከዚያ እህል ውኃ እንደማይቀምስ ሕፃን ያውቃል። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ፍልሰታን ጾሜያለሁ። ግን ነጩን ጋውን ስለብስ የማውቀውን ሁሉ ቤት ትቼ የምወጣ ይመስለኛል። ጓደኞቼ ዘንድ ደርሼ ምዕራፉን እያብራራሁ፣ እየጻፍኩ አስረዳኋቸው። «አንቺማ አልፈሻል» አሉኝ።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ቄሱን መልሰው አመጧቸው። ማለዳ መርፌውን ወግተው፣ ጾም አይሽርም ተብለዋልና ልባቸው አርፎ፣ ለቅዳሴ ቆመዋል። ከመቅደሱ ሲወጡ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ደረጃው ላይ ወደቁ። እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በመኪና ነው የመጡት። ስኳሩ መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ተስተካክሎላቸዋል። የዳሌያቸው አጥንት ግን ተሰብሯል።

ሲስተሯ ቅጹን አውጥታ አልጋቸው ድረስ ጠራችኝ። ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቅጹ ውሸት ከሆነ የልምምድ መዝገቤን አትፈርምም፤ ካልፈረመች ደግሞ ፈተናው ላይ መቀመጥ የለም። ፊርማዬን በጣቷ ይዛ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባ፣ ከመርፌው በኋላ ሳይቆዩ መብላት እንዳለብዎት ይቺ ልጅ ነግራዎታለች?»

እኔን አዩ። ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

«ነግራኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያኔ ነበር መናገር። ሲስተሯ ቅጹን አጠፈችና «እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እኛ እንናገራለን፣ ሕዝባችን አይሰማም» ብላ ሄደች። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ መነቅነቄ ነው።

እሳቸው ወደ ጎንደር ተላኩ። እኔ ተፈተንኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ታካሚ ወደ ቤቱ ከመሸኘቱ በፊት ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ የሚል ነበር። ከአራቱ ምርጫዎች ትክክለኛው «የዕለት ተዕለት አኗኗሩን ትጠይቅ» የሚለው እንደሆነ ሌላ ሰው ምናልባት አስቦ ይደርስበት ይሆናል። እኔ ሳላስብ አጠቆርኩት። አለፍኩ፤ እዚያው ሆስፒታልም ተቀጠርኩ።

በበጋው፣ እረፍት በወጣሁበት እሑድ፣ እውነቱን ለቄሱ ልነግራቸው ወደ አጥቢያቸው ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ክራንቻቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው አገኘኋቸው። ውስጥ ቅዳሴው አላለቀም። ውስጥ የሚቀድሰውን ቄስ ተራ በከንፈራቸው ይከተላሉ። ቆመው መቀደስ አይችሉም፤ ከእንግዲህም እንደማይችሉ ጎንደር ነግረዋቸዋል። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ የመጣሁበትን ሳላስረዝም ነገርኳቸው፦ ስለ ምግቡ አልነገርኳቸውም፣ ምልክቱ ውሸት ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ‹ነግራኛለች› አሉ፣ አባ?»

«ፈተና አለብኝ ብለሽኝ ነበር።»

አለቀስኩ። እሳቸው ቅዳሴያቸውን ጥቂት ተከተሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«በጾም፣ ያውም በእመቤታችን ጾም ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ያንቺ ግን ያንቺ ነው፣ ልጄ። እሱን ልይዝልሽ አልችልም።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ታካሚ ስሸኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት? ምን ይበላሉ? ጾም ላይስ?» እያልኩ ስጠይቅ ባልደረቦቼ «አስተናጋጇ መጣች» ይሉኛል። እስቃለሁ። ኤክስቴንሽኖቹ ስልክ እስኪያነሱ ድረስ አምስቴም ስድስቴም እደውላለሁ።

የሲስተሯ ቢሮ ከመድኃኒት ክፍሉ ቀጥሎ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ አልፈዋለሁ። ትናንት በሩ ክፍት ነበር። ሳላስበው ደፉ ላይ ቆሜ ኖሯል። ቀና ብላ አየችኝና «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።