የእናቴ ሂሞግሎቢን

እናቴ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የገባለት ጊዜ መጽሐፍ እያገላበጠች ራሷን አስተምራ ድረ ገጽ ሠራች። ገጹ እንደ ያኔው ወግ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ ጽሑፍና ቁልፎች፣ በቀኝ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሂሞግሎቢን ሞዴል፣ በማውስ የሚሽከረከር። ቁልፎቹ ላይ የጻፈችው በአማርኛ ነው። አንዱ «ብረቷን አሳይ» ይላል። ሂሞግሎቢን ውስጥ አራት ብረት አለ፤ እሷ ግን ተማሪዎቿ እንዳይደናገሩ አንዷን ብቻ መርጣ ቀይ ቀብታታለች።

ከዓመታት በኋላ ሞዴሉን የሚያሽከረክረው ፕሮግራም ቀረና አዲሶቹ ብሮውዘሮች በቀኝ በኩል ባዶ ግራጫ ሳጥን ብቻ ያሳዩ ጀመር። የእኔ እንጀራ ደግሞ ድረ ገጽ መሥራት ነው። «አድስልኝ፤ ዓይኔ ሳይከዳኝ ብረቷን አንዴ ስትዞር ልያት» አለችኝ። ስኳር ዓይኗን ጀምሮት ነበር። «እሺ እማዬ፣ ቅዳሜ» አልኳት። ለማላውቃቸው ሰዎች የሆቴልና የጫማ ቤት ገጽ ስሠራ ያቺ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ፈጀች። እናቴ አትነዘንዝም። ብትነዘንዘኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ልሠራው የተቀመጥኩት መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎም ፊቴን መለየት ካቃታት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ክፍፍሉን አፍርሼ አንድ ገጽ አደረግኩት፤ ሞዴሉንም በስልክ ጭምር በሚከፈት አዲስ ፕሮግራም ተካሁት። ከጽሑፏ ግን አንድ ፊደል አልነካሁም። እሑድ ቁስቋም አስቀድሳ ስትመለስ ከጎኔ አስቀመጥኳት።

«ብረቷን አሳይ የሚለውን ተጫነው» አለች።

ተጫንኩት። ሞዴሉ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። እጇም ጭኗ ላይ አብሮት ይዞራል።

«ታየች?»

«አዎ፣ ታየች።»

እጇ ቆመ።

«ገና አትታይም» አለች። «ከኋላ ናት። ግማሽ ዙር ሳይዞር አትወጣም። ልጆቹ ትንሽ ይጠብቋት ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኳት።»

ደስ እንዲላት ቸኩዬ፣ ሳላይ ነበር የመለስኩላት። አሁን ዓይኔን ተክዬ ጠበቅኩ። ሞዴሉ ግማሽ ዞረ፣ ሙሉ ዞረ፤ ብረቷ የለችም። የድሮውን ትእዛዝ ወደ አዲሱ ስገለብጥ አንድ መስመር ዘልያለሁ።

«የለችም እማዬ» አልኳት። አፈርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ያላፈርኩት ሁሉ ተደምሮ መጣብኝ።

«ይሁን፤ ለልጆቹ ግን አስተካክልላቸው» አለችና ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ሶፋው ሄደች።

ለማስተካከል አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ቀይዋ ብረት ከኋላ ዞራ ብቅ ስትል «እማዬ፣ አሁን የእውነት ወጣች፤ ነይ» ብዬ ጠራኋት።

«አምንሃለሁ ልጄ» አለች፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።