ፍሪጁ እና የእትዬ ስልሳ ማንኪያዎች

ሰፈሩ «ፍሪጁ» የሚለው ሰው ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነው። ቅጽል ስሙ ግን ከሥራው ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ፤ ቢሰድቡት፣ ቢያመናጭቁት፣ በር ቢዘጉበት ፊቱ አይሞቅም። ደግሞም ተሰድቧል! አቤት ሲሰደብ! በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው እንደሱ የስድብ ዶፍ የወረደበት ሰው እዚህ አካባቢ አላውቅም። ግማሹን ያወረዱበት ደግሞ የገዛ ታላቅ እህቱ ናቸው።

ምክንያቱ አመሉ ነው። ማንኪያ ያዛውራል። ይሰርቃል አላልኩም፤ ያዛውራል ነው ያልኩት። አንድ ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት ይጠራና የፍሪጁን የበር ጎማ ይቀይራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ጀርባውን ከአቧራ ያጸዳል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ሻይ ወይም ሾርባ ያዛል። እያማሰለ ስለ ሞተር ያወራል፤ ሰው ደግሞ ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው እጅ ላይ አያፈጥም። ተነስቶ ሲወጣ ሳህኑ ላይ የቀረው ማንኪያ ሌላ ነው። በቱታው ቀኝ ኪስ ከትናንቱ ቤት መጥቶ እዚህ ይቀራል፤ የዚህ ቤቱ ደግሞ በዚያው ኪስ ወደ ነገው ቤት ይሄዳል። ሕግ አለው፤ ሳይተው አይወስድም፣ የሻይ በሻይ፣ የሾርባ በሾርባ። ቤቱን ብትበረብሩት የተጠራቀመ ነገር አታገኙም። ሁልጊዜም ያለችው አንዲት መንገደኛ ማንኪያ ብቻ ናት።

አንድ ቀን «ለምንድን ነው ግን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማንኪያ አንድ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እዚያው ለምን ያረጃል? ሰፈሩን አይቶ ይሙት እንጂ» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ለሚሰጥ ሰው ምን ይባላል?

እህቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ይህን አመሉን እንደ እከክ ይጠሉታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አላገባም፣ አልወለደም፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምሳውን ከእሳቸው እጅ ሌላ በልቶ አያውቅም። ሌላ ሰውም የለውም። ከሦስት ዓመት በፊት እትዬ ምግብ ቤት ከፈቱና እጀታቸው ላይ ቅጠል የተቀረጸባቸው ስልሳ ማንኪያዎች ገዙ። ለሱ ደግሞ ከኩሽናው በር አጠገብ አንዲት ወንበር አስቀመጡ። ያን ዕለት ጣታቸውን አፍንጫው ላይ ደቀኑበት።

«ስማ! ከዚህ ቤት አንዲት ማንኪያ ብትወጣ፣ ወይ አንዲት የሰው ማንኪያ ብትገባ፣ ያቺን ወንበር እርሳት። ምሳህን ከፍሪጆችህ ጋር ብላ።»

«እትዬ ይሙቱ፣ አልነካም!»

«እኔን ለምን ትገድላለህ? በራስህ ማል!»

በራሱ ማለ። አልነካምም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እጁን ኪሱ ላይ ጭኖ ነው የበላው፤ እጁን ከራሱ የሚጠብቅ ሰው ሌላ የት ይገኛል?

እትዬ ቱታውን በየቅዳሜው ያጥቡለታል። ፍቅር እንዳይመስላችሁ! «በዚህ ቅባት ደንበኛ ታባርርብኛለህ» እያሉ፣ እየተራገሙ ነው። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ጓሮ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ተቀምጠው ኪሱን አራገፉ። ብሎን ሲወጣ ወደ ብሎን ጣሳ። ጨርቅ ሲወጣ ወደ ቆሻሻ። ማንኪያ ሲወጣ እጃቸው ሳያስብ ወደ ሳፋው ወረወረው። ማንኪያ ከማንኪያ ጋር ነዋ! አፋቸው በእርግማን ተጠምዶ ዓይናቸው አላየም። እጀታው ላይ ሦስት ኮከብ ነበረበት፤ የላይኛው መንገድ ሆቴል ማንኪያ ነው።

ሰኞ ፍሪጁ ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ። የሆነ ቦታ የወደቀ መሰለው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት የሆቴሉ ባለቤት ራሱ ከተፍ አለ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ እትዬ ስለወረዱበት ምን እንደሚያበሉ ሊሰልል ነው። የአትክልት ሾርባ አዘዘ። ሁለቴ ፉት አለ። በሦስተኛው ማንኪያውን አየት አደረገና ገለበጠው።

«ሴትዮ!»

«ምን ጎደለ?» አሉ እትዬ።

«የጎደለውስ እኔ ቤት ነው! ይሄ የማን ኮከብ ነው? ደንበኛዬን ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ መሳቢያዬ ገባሽ?»

«አፍህን ሰብስብ! ማንን ነው ሌባ የምትለው?»

«እኔ ምን አልኩ? ማንኪያው ነው የተናገረው!» ብድግ ብሎ ለሠላሳ ተመጋቢ እያዞረ አሳየ። «ማንኪያ የሰረቀች ሴት አትክልቱን ከየት እንደምታመጣው እናንተው አስቡት!»

እዚህም እዚያም ማንኪያ ሲቀመጥ ተሰማ። እኔም ብሆን ሾርባዬን ሰረቅ አድርጌ አየሁት።

እትዬ ወደ ኩሽናው በር ዞሩ። «አንተ!»

ፍሪጁ እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ በሳሙና ደርቋል። ቅዳሜ፣ ቱታ፣ ሳፋ፣ ሁሉም ባንዴ ተገለጠለት። «ያስገቡት እርስዎ ነዎት» ቢል ወንበሯ ትተርፍለት ነበር። ግን ያንን ሠላሳ ሰው ፊት ካለ፣ የሆቴሉ ማንኪያ በእትዬ እጅ እንደገባ መመስከሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው አያውቁም። ከእርስዎ ሆቴል የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ በምትኩ ሌላ ትቻለሁ። ሄደው ይቁጠሩ፣ አንድም አይጎድልም።»

«በምትኩ? የማን?»

«የጥጓ ግሮሰሪ።»

ሰውየው ገረጣ። «እና እኔ... በግሮሰሪ ማንኪያ ነው ስበላ የከረምኩት?»

«ትንሽ ጠመም ያለችው ከደረሰችዎት፣ አዎ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የእትዬ ስምም በዚያው ሳቅ ጸዳ። ባለ ሆቴሉ ግን ሳቁን ይቅር የሚል ሰው አይደለም። «ደጃፌ እንዳትደርስ! ፍሪጄ ቢፈነዳ፣ ሥጋዬ ቢሸት አልጠራህም!» ብሎ ወጣ። ሳይመሽ ወሬው በየኩሽናው ገባ። መሳቢያ ተገለበጠ፣ ማንኪያ ተመረመረ፣ ፍሪጁ ተረገመ። የጥጓ ባለ ግሮሰሪ እንኳ ሁለት ባለ ኮከብ አግኝታ፣ እሷም ረግማው፣ ማንኪያዎቹን ቶሎ ደበቀቻቸው።

እትዬ ደግሞ ወንበሯን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደፏት።

«ማልክ፤ በላህ፤ ከዳህ። ውጣ!»

ወጣ። ያን ሳምንትና የሚቀጥለውን የጥገና ሱቁ ውስጥ ደረቅ ዳቦ ገመጠ። ስልኩም አንድ ጊዜ አልጮኸም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የፍሪጄን መደርደሪያ ላስበይድ እዚያው ቆሜ ሳለ እትዬ በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ቱታውን አምጣ።»

«እኔ አጥባለሁ፣ እትዬ።»

«አንተ? ቱታው በቅባት ደርቆ ያለ አንተ ሊቆም ነው! ሰው እህቱ ሞታለች እንዴ እንዲል ነው? አምጣ!»

ከመስቀያው መንጭቀው እዚያው ኪሱን ማራገፍ ጀመሩ። ብሎን ወደ ጣሳ። ጨርቅ ወደ ቆሻሻ። ማንኪያ... ፍሪጁ ኩባያውን የሚያጥብባት ትንሽ ሳፋ አጠገባቸው ነበረች። ቃጭ! አለ።

እትዬ ደርቀው ቀሩ። እጃቸውን አዩ። ሳፋውን አዩ። እሱን አዩ። እሱ የጠበቀ ብሎን እያጠበቀ ነበር።

«አውቀህ ነው?»

ብሎኑን አንዴ ደግሞ አዞረ።

«አንተ ደንቆሮ! አውቀህ ነው ወይ ዝም ያልከው?»

«ሰው ምሳ እየበላ ነበር፣ እትዬ።»

እትዬ ማንኪያዋን ከሳፋው አውጥተው ነቀነቁበት። «ይቺስ የማን ናት?»

«ወሬው ገና ያልደረሰው አንድ ሻይ ቤት አለ፤ አዲስ ገዝቼ ተክቻለሁ።»

ያኔ ስድቡ መጣ፤ ቱታውን ታቅፈው እስከ መንገዱ ጫፍ እየተራገሙ ሄዱ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ወንበሯ በእግሯ ቆማለች። ሾርባ ቀርቧል። ባለ ቅጠሏ ማንኪያም አለች፤ እጀታዋ ተበስቶ ሰንሰለት ገብቶበታል፣ ሰንሰለቱ ከጠረጴዛው እግር ታስሯል። ፍሪጁ ተቀመጠ። ጨልፎ ወደ አፉ ሲያነሳ ሰንሰለቱ ከሳህኑ አንድ ስንዝር በላይ ያዘው።

«አጭር ነው፣ እትዬ።»

«አጭር አይደለም። አንተ ጎንበስ በል።»

ጎነበሰ። እትዬ ክንዳቸውን አጣጥፈው ራሱ ላይ ቆሙ።

«ካሁን በኋላ ደግሞ ኪስህን ራስህ አራግፈህ ነው ቱታ የምትሰጠኝ! ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ፣ ወደ ሳህኑ።