አንድ ሚሊዮን አንድ በድምፅ ብልጫ

ጀሞ ቅዳሜና እሁድ የምንማር ጎልማሶች የቤት ሥራ የምንሠራው አምስት አምስት ሆነን ነው። አምስት ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ውጤት። ካልተስማማን እጅ እናወጣለን። ለድርሰት እሺ፤ ለቁጥር ምን የሚሉት ነው?

የቡድናችን መሪ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ጥያቄው «1,000,001 ብቸኛ ቁጥር ነውን?» ይላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ከሌለ ብቸኛ ነው። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ ሞከሩት። አልተካፈለም።

«በቃ፣ ብቸኛ ነው! እጅ አውጡ!» አለ መሪያችን።

አራት እጅ ወጣ።

«እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሳትሞክር እንዴት በቃ ትላለህ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እስከ ሺህ ስንሄድ ፋሲካ ይደርሳል። አራት ለአንድ፤ ተሸነፉ!»

ወረቀቱ ገባ። እኔ መካኒሳ ቤቴ ገብቼ ካቆሙበት ቀጠልኩ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ… ከመቶ በታች ያሉት ሃያ አምስቱም እምቢ አሉ። ሃያ ስድስተኛው መቶ አንድ ነው። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ጊዜ ደረሰ፤ ቀሪ የለም። መልሼ አባዛሁት፤ ያው ነው። ደስ ከማለቱ ይልቅ አበሸቀኝ። ትንሽ ቢታገሡ ምን ነበረበት!

በሳምንቱ ወረቀቱ ሲመለስ ግን «ትክክል» ተብሎ አምስት ነጥብ ተሰጥቶታል። መምህሩም እንደነሱ አሥራ አንድ ላይ ቆሞ ኖሯል። የመጀመሪያውን ፈተና ታምሜ ስለቀረሁ ድምሬ በዚያች አምስት ነጥብ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

መሪያችን ያገኘሁትን ስነግረው ጎንበስ ብሎ፣ «በማርያም ዝም ይበሉ! እኛ እንተርፋለን፤ የሚወድቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዝም አልኩ። መምህሩ ግን ሰሌዳው ላይ «1,000,001 ብቸኛ ቁጥር ነው» ብሎ ጻፈና «ገልብጡ» አለ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ መገልበጥ ጀመረ። ሦስት ቃል ነው፤ እስክሪብቶዬ አልሄድ አለኝ።

«ለመቶ አንድ ይካፈላል፣ ቲቸር» አልኩ።

ሰሌዳው ላይ አባዛው። የመጨረሻዋን አንድ ሲጽፍ ጠመኔው ተሰበረ። «ልክ ነዎት» አለ፤ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ከሁሉም ላይ አምስት አምስት ቀነሰ።

«ቲቸር፣ ለእርሳቸው እንኳ ይተዉላቸው! እኛ ነን ያስገደድናቸው» አለ መሪያችን።

«ወረቀቱ የቡድን ነው።»

ዘንድሮ ያንኑ ክፍል እየደገምኩ ነው። ባለፈው ዓመት የሆነውን የሰሙት አዳዲሶቹ የቡድን ጓደኞቼ፣ «እርስዎ ያውቁበታል» እያሉ የቤት ሥራውን በሙሉ ለእኔ ትተው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ።