ሰርግ የሌለበት ምርመራ

«ጽሑፍሽ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ይወጣል» አሉኝ የአማርኛ መምህራችን። ቤት የገባሁት ፈገግታዬን መሰብሰብ አቅቶኝ ነው።

ፎንቆ ከተማ የምታስተምረው ታላቅ እህቴ መጥታ ነበር። ዜናውን ስትሰማ ስልኳን ሰጠችኝ።

«ጸሐፊ ከሆንሽማ ይቺን ጻፊልኝ፣ ሚጢዬ።»

በፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አፕ ከአንድ የዱራሜ ሰው ጋር ተዋውቃለች። የእኛ ቤት ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእሱ ከምባትኛ ስለሆነ የሚጻጻፉት በአማርኛ ነው። ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል። ከዚያ በፊት ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ልትጠይቀው እየጻፈች ስታጠፋ ሰንብታለች።

«ፊት ለፊት አፌን ይይዘኛል። ሳላውቅ ደግሞ አልቀርበውም» አለች።

እኔ ምን ገዶኝ፣ ጻፍኩት። «ከመቀራረባችን በፊት ሁለታችንም ብንመረመር ደስ ይለኛል። እኔ ዝግጁ ነኝ፤ አንተስ?»

«እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» ብላ ላከችው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ሽማግሌ ላክ እያልሽኝ ነው?»

ተያየን። እኛ ጋ ምርመራ ሲባል የሚታሰበው ሰርግ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ወረቀት አምጡ የምትለው ለሚጋቡ ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይህን እያወቅሁ ስጽፍ ትዝ አላለኝም።

«አይደለም፣ ለጤናችን ብዬ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ታዲያ ምን ሰምተሽብኝ ነው?»

«ምንም። እኔም እመረመራለሁ።»

«ራስሽን ጠርጥረሻላ» አለና ጠፋ።

እህቴ ስልኩን ወሰደችብኝ። «የኔ ጸሐፊ፣ ባንዴ ዳርሽኝና አፋታሽኝ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

ቅዳሜ ምናልባት ብላ መናኸሪያ ሄደች፤ ተከተልኳት። የዱራሜው መኪና ገባ፣ ሰው ወርዶ አለቀ። እሱ የለም።

«ባልጠይቀው ይመጣ ነበር» አለች።

ይመጣ ነበር።

ስንመለስ ወደ ጤና ጣቢያው ታጠፈች። ሲስተሯ እንኳ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ለሰርግ ነው?» ብላ ነው።

«አይ፣ ለራሴ።»

ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻት። «ጓደኞችሽንም ንገሪልኝ። ሙሽራ እስኪሆኑ ለምን ይጠብቃሉ? ለብቻም ይምጡ፣ ሁለት ሆነውም ይምጡ። መነጋገር ካፈሩ እኔ እጀምርላቸዋለሁ።»

ሰውዬው እስካሁን አልመለሰም። እህቴ አልፎ አልፎ ስልኳን ታያለች። ስሟን ሳልጠራ ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ የሲስተሯ ግብዣ እናንተ ጋ እንዲደርስ ነው። እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያው ኑ፤ መጠየቅ የከበዳችሁን ሰውም ይዛችሁት ኑ።